መኪናህ በሊትር ስንት ይሄዳል? ከደብረ ብርሃን ጅቡቲ የሚመላለስ ሹፌር ደብተር

«መኪናህ በሊትር ስንት ይሄዳል?» ይሉኛል። ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ባለፈው ምልልስ ሲኖትራክ የጭነት መኪናዬ ከነተሳቢው ባዶውን ከደብረ ብርሃን ሚሌ ሲወርድ በሊትር 3.41 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ያው መኪና፣ ያው ሹፌር፣ በዚያው ጉዞ 380 ኩንታል ማዳበሪያ ጭኖ ከኮምቦልቻ ደብረ ብርሃን ሲመጣ 1.46 ሄዷል። የመጀመሪያውን ብቻ ለባለንብረቱ ብነግረው ይመርቀኛል። ሁለተኛውን ብቻ ብነግረው ናፍጣ ሸጠሃል ይለኛል። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። ለየብቻ ከተያዙ ግን ሰው ያሳስታሉ።

ይህን የምጽፈው ስለደረሰብኝ ነው። መንዳት ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆኖኛል። በአምስተኛው ዓመት ገደማ የምነዳለት ሰው ሌባ አለኝ። ነዳጅ የሚሰጠኝ በሊትር 2.5 ይሄዳል ብሎ አስልቶ ነበር። ስሌቱን የወሰደው ሜዳ ላይ ከሚሠራ ሌላ መኪናው ነው። እኔ ደግሞ የጣርማበርን ተራራ በጭነት እወጣለሁ። በየጉዞው ናፍጣ ያጥረኛል፣ በየጉዞው እደውላለሁ። አንድ ቀን ሰው ፊት «የት አደረስከው?» አለኝ። «አልወሰድኩም» ከማለት ሌላ የምለው አጣሁ። ማሳያ ቁጥር በእጄ አልነበረም። ያን ማታ ቤት ገብቼ እህል አልቀመስኩም። የትልቋ ልጄ የሂሳብ ደብተር ግማሹ ባዶ ነበር። እሱን ወሰድኩና ከማግስቱ ጀምሮ መጻፍ ጀመርኩ።

ሙሉ ለሙሉ

መሠረቱ አንድ ነገር ነው። ስትነሳ ሰልባትዮውን፣ ማለትም የመኪናውን የነዳጅ ታንከር፣ ሙላ። ስትመለስ እዚያው ምልክት ድረስ ሙላ። በመሃል የቀዳኸውን ሁሉ፣ የመጨረሻውንም ጨምረህ ደምር። የሄድከውን ኪሎ ሜትር ለዚያ ድምር አካፍል። ሲነሳም ሲመለስም ሰልባትዮው እኩል ስለሆነ በመሃል የቀዳኸው ሁሉ ሞተሩ የበላው ነው።

«ጌጁ ግማሽ ላይ ነበር፣ አሁንም ግማሽ ላይ ነው» እያሉ ማስላት አይሆንም። የጌጁ፣ ማለትም የነዳጅ መጠን ማሳያው፣ ተንሳፋፊ መኪናው ሲያዘነብል አብሮ ይወርዳል ይወጣል። ጣርማበር ሽቅብ ላይ ሩብ ያለህ ጌጅ ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ስትቆም ሌላ ይልሃል።

«ሙሉ» የሚለውም ቃል ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኔ የምሞላው ሁልጊዜ አንድ ማደያ፣ አንድ ማሽን፣ አንድ ቦታ ቆሜ ነው። የማደያው ወለል ትንሽ ያዘነብላል፤ ፊቴን አዙሬ ብቆም የሚገባው ሊትር ይለያያል። ናፍጣ ደግሞ ያረፋል። መስጫው ቆርጦ ሲቆም ሞላ ማለት አይደለም። ሁለት ሦስት ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ አረፋው ይወርዳል። ከዚያ ቀስ ተደርጎ ይጨመርና ከአንገቱ በታች በቀይ ቀለም ያደረግኩት ምልክት ላይ ሲደርስ በቃ እላለሁ። ቀጂው ልጅ ቢቸኩልም እለምነዋለሁ። አሁን ለምዶኛል፤ ሳልናገር ይጠብቃል።

እስከ አፉ አትሙላ። ናፍጣ ሲሞቅ ይነፋል። በ10 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት ከመቶ 0.8 ያህል ይጨምራል። 400 ሊትር በ25 ዲግሪ ልዩነት 8 ሊትር ይሰፋል ማለት ነው። በማለዳ ቅዝቃዜ ጢም አድርገህ ሞልተህ አፋር ፀሐይ ላይ ብታቆመው በክዳኑ ሲያንጠባጥብ ታየዋለህ። «በሌሊት የተቀዳ ናፍጣ ይበረክታል» የሚባለውን ግን ብዙ አትመን። የማደያው ታንከር መሬት ውስጥ ስለተቀበረ ቀንና ሌሊት ሙቀቱ ያን ያህል አይለዋወጥም።

መንገድ ላይ ሰልፍ በዝቶ ወይም ማደያው ጨርሶ መሙላት ካልቻልክ አትጨነቅ። ያገኘኸውን 50 ሊትርም ቢሆን ጻፍ። ስሌቱን ግን እስከሚቀጥለው ሙሉ አቆየው። ችግር ላይ ሆነህ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የገዛኸውም ይጻፍ። ደረሰኝ የለውም ብለህ ከተውከው መኪናህ ያለ ናፍጣ የሄደ ያስመስላል፤ በሚቀጥለው ጉዞ ደግሞ እውነተኛው ቁጥር ሲመጣ ጥፋቱ ያንተ ይሆናል።

ነዳጅ በቴሌብር መክፈል ከመጣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ነገር ቀሎልናል። የከፈልክበት ቀንና ብር ስልክህ ላይ ይቀራል። መልእክቱን አታጥፋው። ደብተሩን ግን አይተካውም። ኪሎ ሜትሩንና ጭነቱን ቴሌብር አያውቅም።

ዱላው

ከሁሉ የምወደው ዕቃዬ ይህ ነው። አንድ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ዱላ። የሠራሁት ሰልባትዮው ለእጥበት በወረደበት ቀን ነው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተመልሶ ከታሰረ በኋላ መኪናውን ሜዳ ላይ አቆምኩ። ናፍጣውን በ20 ሊትር ጀሪካን መልሼ ጨመርኩ። ጀሪካን ግን ይዋሻል። 20 የሚባለው እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ያልፋል። ስለዚህ ከአንድ እህል ነጋዴ ሚዛን ተዋስኩ። አንድ ሊትር ናፍጣ 840 ግራም ገደማ ይመዝናል። 20 ሊትሩ 16.8 ኪሎ ነው። ባዶውን ጀሪካን መዘንኩ፤ 16.8 ኪሎ ጨመርኩበት፤ እዚያ መስመር ላይ በሚስማር ጫርኩ። ከዚያ በኋላ እስከ ጭረቱ ብቻ እየሞላሁ ገለበጥኩ።

በየጀሪካኑ ዱላውን ቀጥ አድርጌ እስከ ታች እሰዳለሁ። አውጥቼ እርጥበቱ የደረሰበት ላይ በቢላ እቆርጣለሁ። ሃያ ጀሪካን፣ ሃያ ቁርጥ። ረዳቴ እየቆጠረ፣ እኔ እየቆረጥኩ ግማሽ ቀን ፈጀብን። መጀመሪያዎቹ ቁርጦች ከመሃለኞቹ ይልቅ ራቅ ራቅ ይላሉ፤ የሰልባትዮው ማዕዘን ክብ ስለሆነ ታች ጠባብ ነው። ሴንቲ ሜትር ለክቶ እኩል እኩል የሚከፍል ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ዱላው ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ከመቅዳቴ በፊትና በኋላ እሰደዋለሁ። ማሽኑ 200 ብሎ ዱላዬ 185 ካለ ልብ እላለሁ። ወዲያው አልጣላም። በሚቀጥለው ጊዜ እዚያው እንደገና አየዋለሁ፤ ሌላ ማደያም ሞክሬ አወዳድራለሁ። ሦስቴ ከተደጋገመ እዚያ አልቀዳም። ሁለተኛ፣ ሌሊት ያደርኩበት ቦታ ናፍጣ ተቀድቶብኝ እንደሆነ ማለዳ አውቃለሁ። ማታ ሳቆም አንድ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስነሳ አንድ። መኪናው በዚያው ቦታ ስለቆመ ልዩነት ሊኖር አይገባም።

ኪሎ ሜትሩ ልክ ነው?

ብዙ ሹፌር ናፍጣውን ይጠራጠራል፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ግን እንደ ወንጌል ያምናል። ቆጣሪው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው። አዲስ 12.00 በ20 ጎማ ቁመቱ 1 ሜትር ከ12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጥርሱ ሲያልቅ ቁመቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ይቀንሳል። ያነሰ ጎማ ያንኑ መንገድ ለመጨረስ ብዙ ይዞራል። ስለዚህ ባለቀ ጎማ ቆጣሪው ከመቶ 2 ያህል አብዝቶ ይነግርሃል። መኪናህ ቆጣቢ የሆነ ይመስልሃል፤ አልሆነም። አዲስ ጎማ የገባ ዕለት ደግሞ ድንገት ናፍጣ የጨመረ ይመስላል። ባለንብረት ከሹፌር የሚጣላው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ጎማ ቀየረልህ፤ በማግስቱ ቁጥሩ ወረደ።

መፍትሔው ቀላል ነው። የስልክህን ጂፒኤስ ክፈትና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከቆጣሪው ጋር አወዳድር። ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ አይሆንም። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ስልኩ ነጥብ ከነጥብ እያገናኘ ኩርባውን ይቆርጠዋል፤ የጣርማበር ዋሻ ውስጥ ደግሞ ሰማይ አያይም። እኔ የማስተያየው አፋር ሜዳ ላይ ነው። አሁን ባለኝ ጎማ ቆጣሪው 100 ሲል ስልኩ 98 ይላል። ስለዚህ በ0.98 አባዛለሁ። ጎማ በቀየርኩ ቁጥር እንደገና እለካለሁ።

ጣርማበር የሚበላው

ይህን ለባለንብረቶች ነው የምለው። ሹፌርም ቢያነበው ይጠቅመዋል።

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በመሃላቸው ያለው መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በዚያች አጭር መንገድ 38 ቶን ጭነትና 18 ቶን የሚሆን መኪናና ተሳቢ 1,700 ሜትር ሽቅብ ይነሳል። አንድ ሊትር ናፍጣ ካለው ጉልበት ወደ ጎማው የሚደርሰው ከግማሽ በታች ነው። የቀረው በጭስ ማውጫና በራዲያተር ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሲሰላ ይህን ያህል ክብደት 100 ሜትር ከፍ ለማድረግ ወደ 4 ሊትር ይሄዳል። 1,700 ሜትሩ ብቻውን 70 ሊትር ገደማ ነው። መኪናው ወደፊት ለመሄድ የሚበላው ገና አልተቆጠረም።

ጉሙ ውስጥ በከባድ ማርሽ እየተነፈስክ ዋሻው አፍ ስትደርስ 70 ሊትር ተራራው ላይ አውጥተሃል። ቁልቁል ስትወርድ አይመለስልህም። በፍሬን ሙቀት ይቃጠላል። «ቁልቁለቱ ያካክሰዋል» የሚለው ወሬ ለጭነት መኪና አይሠራም፤ በተለይ ባዶ ወርደን ጭነን ለምንወጣ ለኛ።

ቁልቁለቱን ካነሳሁ አይቀር፣ ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ዜሮ ማርሽ የሚያደርግ ልጅ አለ። እባክህ አታድርግ። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርህን ከነዳጅ መስጫው ስታነሳ ሞተሩ ናፍጣ መቀበል ያቆማል፤ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ዜሮ ስታደርገው ግን እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣት ይጀምራል። ከዚያም መኪናውን የሚይዝልህ ፍሬን ብቻ ይሆናል። ፍሬን ግሎ ሲያልቅ ከጣርማበር በታች ምን እንደሚከተል እዚያ መንገድ ላይ የሠራ ሁሉ አይቷል።

አንድ ገጽ ከደብተሬ

የምጽፈው ቀኑን፣ ቦታውን፣ የቆጣሪውን ቁጥር፣ የቀዳሁትን ሊትር፣ ሙሉ ነው ወይስ ጎደሎ፣ በሚዛን ወረቀቱ ላይ ያለውን ኩንታል፣ ሞተር አስነስቼ የቆምኩበትን ሰዓት ነው። ወዲያው ማደያው ላይ እጽፋለሁ። «ስደርስ እጽፈዋለሁ» ያልኩት ሁሉ ጠፍቶብኛል።

የባለፈው ምልልስ እንዲህ ነበር። ከደብረ ብርሃን ሞልቼ ስነሳ ቆጣሪው 214,380 ነው። ሚሌ ድረስ 382 ኪሎ ሜትር፣ ባዶ፤ ሞላሁ፣ 112 ሊትር ገባ። ሚሌ ጅቡቲ ደርሶ መልስ 668 ኪሎ ሜትር፤ ስመለስ ጭኛለሁ፣ 278 ሊትር። ከሚሌ በባቲ አድርጌ ኮምቦልቻ 133 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅብ ከነጭነት፣ 97 ሊትር። ከኮምቦልቻ ደብረ ብርሃን 249 ኪሎ ሜትር፣ ጣርማበርን ጨምሮ፣ 171 ሊትር። ቆጣሪው 215,812 ላይ ቆመ።

ድምሩ 1,432 ኪሎ ሜትርና 658 ሊትር። ለጎማው በ0.98 ሳባዛው 1,403 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 1,403 ለ658 ሲካፈል 2.13። ይህ ነው የመኪናዬ ቁጥር። 3.41ም 1.46ም አይደለም። ከደጄ ተነስቶ ደጄ የተመለሰ ምልልስ ስለሆነ የወጣሁት ሽቅብና የወረድኩት ቁልቁለት እኩል ነው። ካለፈው ወር ጋር በእርግጠኝነት የማወዳድረው ይህንን ብቻ ነው። መንገድ ተዘግቶ በአዋሽ ከዞርኩ ግን ለብቻው ገጽ እከፍትለታለሁ። ሌላ መንገድ ነው፤ ከዚህኛው ጋር አላደባልቀውም።

አንድ ስህተት በጣም የተለመደ ስለሆነ ቆም እልበታለሁ። የየመንገዱን ቁጥር ደምሮ ለብዛቱ ማካፈል ልክ አይደለም። 100 ኪሎ ሜትር በሊትር 3፣ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር በሊትር 1.5 ብትሄድ አማካይ 2.25 ይመስላል። ግን የመጀመሪያው 33 ሊትር፣ ሁለተኛው 67 ሊትር ገደማ በልቷል። 200 ኪሎ ሜትር በ100 ሊትር፣ ማለትም 2 ነው። ኪሎ ሜትሩ ሁሉ ይደመር፣ ሊትሩ ሁሉ ይደመር፣ ከዚያ አንዴ ብቻ ይካፈል።

ቆሞ የሚጠፋውንም አትርሳ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሞተር ቆሞ ሲዞር በሰዓት 2 ሊትርና ከዚያም በላይ ይጠጣል። ወደብ ላይ ሙቀቱን ሸሽቶ ኤሲ ከፍቶ ስምንት ሰዓት መጠበቅ 16 ሊትር ነው። በዚያ ሙቀት አትክፈት አልልም፤ ሰው ነህ። ሰዓቱን ግን ጻፈው፣ ሲጠየቅ መልስ ይኖርሃል። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይም ሞተር አስነስቶ ግማሽ ሰዓት ማቆም ትርፍ የለውም። የፍሬኑ አየር እስኪሞላ ጠብቅ፤ ከዚያ ለስለስ አድርገህ ንዳ፤ እየሄደ ይሞቃል።

ቁጥሩ ሲወርድ

ደብተሩ የታማኝነት ማስረጃ ብቻ አይደለም። መኪናው ሲታመም ቀድሞ የሚናገር እሱ ነው። አንድ ዓመት 2.13 አካባቢ የነበረው 2.05 ሆነ። በሚቀጥለው 1.98። ከዚያ 1.91። ጭነቱ ያው፣ መንገዱ ያው። የአንድ ጉዞ ልዩነት ቢሆን ነፋስ ነው፣ ሰልፍ ነው እል ነበር። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሲወርድ ግን ምክንያት አለው።

መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አየሁ፤ የአፋር አቧራ ይደፍነዋል። አጸዳሁት፣ ለውጥ የለም። የጎማ ንፋስ በማለዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ ለካሁ፤ ደህና ነው። ናፍጣ የሚያንጠባጥብበት ቦታም የለም። አጣዬ ላይ ምሳ ልንበላ ስንቆም ረዳቴን «እስቲ ቸርኬዎቹን በእጅህ እያስጠጋህ እያቸው» አልኩት። ከፊት ጀምሮ አንድ በአንድ ሄደ። ተሳቢው ኋላ ላይ ሲደርስ እጁን ፈጥኖ ሳበ። «ጋሼ፣ ይሄኛው እሳት ነው» አለኝ። ጠጋ ስል የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ይሸተኛል። ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ነበር። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እግሬ ነዳጅ ሲሰጥ አንድ ጎማ ፍሬን ይዞ ይጎትተኝ ነበር። መኪናው ሲነዳ ምንም አይሰማም፤ በዚያ ክብደት ማን ያውቃል? የነገረኝ ደብተሩ ነው። ተሠራና በሚቀጥለው ምልልስ 2.11 መጣ። ያ ጎማ ጣርማበር ቁልቁለት ላይ ቢነድስ ኖሮ ብዬ እስካሁን አስባለሁ።

አሁን የምነዳለት ሰው በየምልልሱ ገጹን ፎቶ አንስቼ እልክለታለሁ። የነዳጅ አበሉን ከእኔ ቁጥር ተነስቶ ነው የሚያወጣው። በናፍጣ ተነጋግረን አናውቅም።

ያ ረዳቴ ዘንድሮ መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ የራሱን መኪና ያዘ። ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ቤቴ መጣና «ጋሼ፣ ዱላህን ስጠኝ፣ ልኩን ልቅዳው» አለኝ። የእሱ ሰልባትዮ ከኔ ረዘም ይላል፤ የኔ ዱላ እዚያ ውስጥ ይዋሻል። አልሰጠሁትም። ቢላዬን ይዤ ወጣሁ። እሱ ጀሪካኑን ተሸከመ፣ በዚያው አልፈን ከእህል ነጋዴው ሚዛኑን ተዋስን።